ላሜራን በክብ ለመቍረጥ ስለሚስማማው መሣሪያ

የብረታ ብረት መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ በየዕለቱ ከሚሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ላሜራ መቍረጫ አለህ?» የሚለው ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም ቀጥ ያለ መሥመር የሚቈርጥ መሣሪያ ሁሉ ክብ ሊቈርጥ አይችልም። ለምጣድ አክንባሎ የሚሆን ላሜራ በማይስማማ መሣሪያ ቈርጦ ዳሩ የተበላሸበት ባለሙያ የላሜራውን ዋጋ ይከስራል፤ ባለሱቁም ደንበኛውን ያጣል። ስለዚህ ሻጩ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይገባዋል፤ እነርሱም የብረቱ ውፍረት፥ የብረቱ ዐይነትና የሥራው ብዛት ናቸው።

ስለ ውፍረት ሲነገር የጌጅ ቍጥር ብዙዎችን ያሳስታል። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ብረቱ ይወፍራልና። 18 ጌጅ የሆነ የብረት ላሜራ 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፥ 24 ጌጅ የሆነው 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በዕቃ ማዘዣ ላይ ሚሊ ሜትሩንም ጨምሮ መጻፍ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

እስከ 1.2 ሚሊ ሜትር ለሚደርስ ተራ ብረት ጥሩ የእጅ መቀስ ይበቃል። ለአውሮፕላን ሥራ የተፈለሰፈው ባለ ምንጭ መቀስ በእጀታው ቀለም ይለያል፤ በተለመደው አሠራር ቀዩ ወደ ግራ፥ አረንጓዴው ወደ ቀኝ ሲያዞር፥ ቢጫው ቀጥታውን ይቈርጣል። ቢጫውን ብቻ ያስመጣ ነጋዴ ክብ ለሚሠራው ደንበኛ የሚሰጠው የለውም። የማይዝገው ብረት ጠንካራ ስለ ሆነ በዚሁ መቀስ የሚቈረጠው ከዚህ የሳሳው ብቻ ነው።

ሥራው የበዛ እንደ ሆነ ኒብለር የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይመረጣል፤ ብረቱን በጥቂት በጥቂቱ እየነከሰ ስለሚያወጣ ላሜራውን ሳያጣምም ወደ ፈለጉት አቅጣጫ ይዞራል። ጂግሶም ክብ ይቈርጣል፤ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት የምላጩ ጥርሶች ዘወትር ብረቱን መንካት አለባቸው። ለሳሳ ላሜራ ጥርሱ የደቀቀ ምላጭ አብሮ መሸጥ የሚገባው ስለዚህ ነው። በላሜራው መካከል ክብ ቀዳዳ ለማውጣት ደግሞ አስቀድሞ በትራፓኖ መብሳት ያስፈልጋል።

ለወፍራም ብረት የኦክስጅንና የአሲታይሊን እሳት ያገለግላል፤ አሉሚኒየምንና የማይዝግ ብረትን ግን በሚገባ አይቈርጥም። ፕላዝማ እነዚህንም ይቈርጣል፤ ሆኖም በቂ የኤሌክትሪክ ኀይልና ደረቅ የታመቀ አየር ይፈልጋል። አፍንጫውና ኤሌክትሮዱ የሚያልቁ ስለ ሆኑ፥ መለዋወጫውን ሳያስመጡ ማሽኑን ብቻ መሸጥ ገዢውን ሥራ ማስፈታት ነው።

ግራይንደር በየሱቁ ስለሚገኝ ብዙ ገዢ ለክብ ሥራም ይመኘዋል። ነገር ግን ቀጭኑ የመቍረጫ ዲስክ ለቀጥታ መሥመር የተሠራ ነው፤ በክብ ሲያስገድዱት ተሰብሮ ሠራተኛውን ሊያቈስል ይችላል። ይህን ሳይደብቅ የሚናገር ባለሱቅ ለዚያ ቀን አንድ ሽያጭ ቢያመልጠውም፥ ደንበኛው ጤናውን ጠብቆ ተመልሶ ይመጣል።