በእበት ጋዝ ወፍጮ ይዞራል?

በወሎ፣ መብራት ባልደረሰባቸው የአጅባርና የመካነ ሰላም አካባቢ ቀበሌዎች፣ ወፍጮ ቤት ስትደርሱ ማርሚታውን ተመልከቱ። ባለወፍጮው እህሉን አብዝቶ ሲለቅ ሞተሩ ያቃስታል፤ ጭሱም ወዲያው ይጠቁራል። ጥፋቱ የናፍጣው ብቻ ሳይሆን የከፍታውም ነው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የሚረጨው ናፍጣ ካልተቀነሰለት ደግሞ የሚያነደው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ያልነደደው ካርቦንም ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ደስ የሚለው ነገር ይኸው ሞተር ሳይፈታ ሳይቀየር በከብት እበት ጋዝ መሥራት መቻሉ ነው። ይህ ጋዝ፣ ማለትም ባዮጋዝ፣ 60 በመቶ ገደማው ሚቴን ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ናፍጣ ሲታመቅ በ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ራሱን ያነዳል፤ ሚቴን ግን ከ500 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋዙ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ኖዝሉም ጥቂት ናፍጣ ይረጫል፤ ክብሪቱ ያቺ ናፍጣ ናት። የጋዙን ቫልቭ ቀስ ብላችሁ ስትከፍቱ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ናፍጣውን በራሱ ይቀንሳል፤ በደንብ ከተስተካከለ እስከ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ጭሱም ይነጣል፤ የሚቴን ሞለኪውል ያለው አንድ ካርቦን ብቻ ስለሆነ ጥላሸት ለመሥራት አይመችም።

ታዲያ ጭሱ ነጣ ማለት ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። ሞተሩ በቀላል ሸክም ሲሠራ ውህዱ ይሳሳል፣ እሳቱም ሁሉንም ጋዝ ሳይደርስበት ይጠፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልነደደ ሚቴን ይወጣሉ። ሚቴን ደግሞ በመቶ ዓመት ስሌት ምድርን በማሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ 28 እጥፍ ይበልጣል። በጋዝ የሚሠራ ወፍጮ ባዶውን እያጓራ ገበያተኛ መጠበቅ የለበትም፤ ወረፋው ሲሰበሰብ ተነሥቶ በሙሉ ሸክም መፍጨት አለበት። ጋዙ የአየሩን ቦታ ስለሚሻማ በደጋው ላይ ከጉልበቱ ጥቂት መቀነሱ ግን አይቀርም። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ብሮንዚና ይበላልና ጋዙ መጀመሪያ በዛገ የብረት ፍቅፋቂ ውስጥ ማለፍ ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚከብደው የከብቱ ቁጥር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ባዮጋዝ 0.6 ሊትር ናፍጣ ያህል ጉልበት አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ለአርሶ አደር ቤት ካስተዋወቃቸው፣ እበቱ ጋዝ እንዲሰጥ ከሚብላላባቸው ማብላያዎች አንዱ 6 ሜትር ኩብ የሚይዘው ነው። አራት ከብት ያለው ቤት ከእሱ በቀን ቢበዛ 1.5 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ያገኛል። በወሎ ደጋ ብርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ጋዙን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይወዳሉ። 10 ኪሎ ዋት የሚያወጣ ወፍጮ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ገደማ ይፈልጋል፤ ይህ ከ15 በላይ ከብት የሚሰጠው የአንድ ቀን እበት ነው።

ስለዚህ የአንድ ቤት ጋዝ ለምድጃው ይሁን እላለሁ፤ የኩበት ጭስ የሚያቃጥለው ዓይን እዚያ ነው ያለው። ወፍጮው የሚያዋጣው ብዙ ከብት በአንድ በረት ለሚያደልብ ማኅበር ነው፤ ያውም ማብላያው አጠገብ ከተተከለ፤ ባዮጋዝን አምቆ ሩቅ ማጓጓዝ ሌላ መሣሪያና ሌላ ወጪ ይጠይቃል።