«ሙ ማሶ አዎ»፦ በፖርት ቤል መንገድ የታክሲ መቆሚያን የሚወስን ንግግር

መግቢያ

ፖርት ቤል ከካምፓላ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ሉዚራ አጠገብ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኝ ወደብ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1906 የኡጋንዳን አስተዳደር ከተረከበው ከእንግሊዛዊው ሄስኬት ቤል ነው። ከኬንያ የመጣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1931 ካምፓላ እስኪደርስ ድረስ፣ ከኪሱሙ በመርከብ የሚጫነው ዕቃ ወደ ከተማዋ የሚገባው በዋናነት በዚህ በር ነበር። ከወደቡ ወደ ከተማዋ የሚወስደው መስመር የተወጠነው ለዕቃ ነው፤ ዛሬ ግን የጭነት መኪና፣ ሚኒባስ፣ ቦዳ ቦዳና እግረኛ በአንድነት ይሻሙበታል። ስለ መጨናነቁ ሲነሣ የመንገዱ ጥበትና የተሽከርካሪው ብዛት ይጠቀሳሉ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው እምብዛም በማይታይ ሌላ ምክንያት ላይ ነው፤ ይኸውም ተሳፋሪው መኪናውን የሚያስቆምበት ንግግር ነው።

1. የመቆም ሰዋስው

በካምፓላ ሚኒባሱ «ታኪሲ» ይባላል፤ ተሳፋሪን እየነጠቀ ስለሚበር ደግሞ በጭልፊት ስም «ካሙኜ» ተብሏል። መውረድ የፈለገ ሰው በሉጋንዳ «ሙ ማሶ አዎ» ይላል። «ማሶ» ዓይን ወይም ፊት ነው፤ «ሙ ማሶ» ከፊት ለፊት ማለት ይሆናል። «አዎ» የቦታ ጠቋሚ ሲሆን፣ ለተናጋሪው ቅርብ የሆነውን «ዋኖ»ን ወይም ከሁለቱም የራቀውን «ዋሊ»ን ሳይሆን፣ ለአድማጩ ቅርብ የሆነውን ስፍራ ያመለክታል። ስለዚህ ተሳፋሪው ቦታውን የሚለካው ከሾፌሩ አንጻር ነው፤ መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር «አዎ»ም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

የአዲስ አበባው «ወራጅ አለ» ለንጽጽር ይረዳል። እዚህ ላይ ቦታ ከቶ አልተጠቀሰም፤ የተነገረው የወራጅ መኖር ብቻ ነው። ተናጋሪዋ ሴት ብትሆን እንኳ ስለ ራሷ በሦስተኛ መደብ፣ በወንድ ፆታ «አለ» ትላለች። የሉጋንዳው አነጋገር ስፍራን ሲጠቁም፣ የአማርኛው ሰውን ያስታውቃል፤ የት እንደሚቆም ለመወሰን ለሾፌሩና ለረዳቱ ሰፊ ነፃነት የሚተወውም የኋለኛው ነው። ሁለቱ ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ አንዳቸውም በምልክት የተወሰነ፣ ስም ያለው ፌርማታ አይጠሩም። መኪናው ከመስመሩ የሚወጣበት ስፍራ በሌለበት ደግሞ ንግግሩ የሚፈጥረው መቆሚያ መንገዱ መካከል ይውላል።

2. ስም ያለው መቆሚያ

ቋሚ ስፍራን የሚጠራው ቃል ከእንግሊዝኛ የተወሰደው «ሲቴጊ» ነው። የቦዳ ቦዳ ሲቴጊ ግን ከመቆሚያነት ያልፋል፤ አባላትና ሊቀመንበር ያሉት ማኅበራዊ ተቋም ነው። «የኛ ሲቴጊ» የሚል ሰው የሚናገረው ስለ ስፍራና ስለ ቡድን በአንድነት ነው። ሲቴጊን ከመገናኛ ጥግ አንሥቶ ሌላ ቦታ የሚያሰፍር ንድፍ አባልነትንም ስለሚነካ ተቃውሞ ቢገጥመው አያስደንቅም።

3. የጋራ ጥፋት

መጨናነቁ ራሱ በሉጋንዳ «አካሊፓጋኖ» ይባላል፤ በቃሉ ውስጥ የእርስ በርስ ድርጊትን የሚገልጸው ቅጥያ «-አጋን-» አለ። በአማርኛም «መጨናነቅ» ከእርስ በርስ ግሥ «ተጨናነቀ» የወጣ ነው። ሁለቱም ቃላት ጥፋተኛን ለይተው አይጠሩም፤ ሁሉም ሁሉን እንደሚይዝ ይናገራሉ። «የመንገድ መዘጋት» የሚለው አገላለጽ ግን የዘጋ ሰው እንዲፈለግ ይጋብዛል።

ማጠቃለያ

«እዚህ መቆም ክልክል ነው» የሚል ምልክት ወደ ሉጋንዳ ቢተረጐም፣ የምልክቱ «እዚህ» የቆመ፣ የተሳፋሪው «አዎ» ግን የሚንቀሳቀስ በመሆኑ ሁለቱ አይገናኙም። ስለዚህ ትርጕም ብቻውን አይበቃም። ከናካዋ እስከ ሉዚራ ባለው መንገድ «ሙ ማሶ አዎ» ደጋግሞ የሚሰማባቸውን ስፍራዎች በካርታ ላይ መመዝገብ፣ መኪና ወደ ዳር የሚወጣባቸው መቆሚያዎች የት ቢሠሩ ተሳፋሪው እንደሚጠቀምባቸው ያመለክታል። ይህ ምዝገባ የቋንቋ አጥኚን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ስፍራን የሚጠቁመውን «አዎ» ከሌሎቹ ጠቋሚዎች ለይቶ መመዝገብ የሚችለው ቋንቋውን በሚገባ የሚሰማ ሰው ነውና።