ብናኙ የሠራው መስመር

ዊሊያም ሆክ ስንጥቅ ፍለጋ አልወጣም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ አካባቢ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ፣ ሥራው ፋብሪካዎች ልክ የሚያመሳክሩባቸውን የመለኪያ ብረቶች ማዘጋጀት ነበር። እነዚህ ጠንካራ ብረቶች ሲሞረዱ እንዳይንቀሳቀሱ ማግኔታዊ መያዣ ላይ ይጣበቃሉ። ታዲያ ከመሞረጃው የሚረግፈው ደቃቅ ብናኝ ብረቱ ላይ ዝም ብሎ አልተበተነም። እዚህም እዚያም ቀጭን መስመር ሠርቶ ተሰልፏል። መስመሩ የተሠራበት ቦታ ሲመረመር፣ ዓይን የማይለየው ስንጥቅ ተገኘ።

ከሱ በፊት ስንቱ ሞራጅ ያንኑ ብናኝ በጨርቅ ጠርጎ ጥሎት ይሆን!

ማግኔት የብረትን ጉድለት ሊያጋልጥ እንደሚችል ቀድሞ የገባው ሰው ግን ነበር። በ1868 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዛዊው ሳክስቢ ኮምፓስ በብረት ላይ እያሳለፈ መርፌዋን ይከታተል ነበር። መርፌዋ ከወትሮዋ ወዲያ ወዲህ ካለች፣ እዚያ ቦታ ብረቱ ጤነኛ አይደለም። ኮምፓስ የሚጠቁመው ግን አካባቢውን ብቻ ነው። የሆክ ብናኝ የስንጥቁን ርዝመትና መታጠፊያውን ሳይቀር ሥሎ ያሳያል።

ሆክ ፓተንቱን በ1922 አገኘ፤ ገበያ ላይ ግን አላዋለውም። የባቡር ሠራተኞችም ስንጥቅ ሲፈልጉ የለመዱትን ቀጠሉ፦ የመንኮራኩሩን አክስል ዘይት መቀባት፣ ጠርጎ ጠመኔ መለቅለቅ፣ ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ዘይት ተመልሶ ወጥቶ ነጩን እስኪያቆሽሽ መጠበቅ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ነዳጅ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ አልፍሬድ ዲ ፎረስት የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ ቱቦዎች ለምን እንደሚሰበሩ እንዲያጠና ተጠየቀ። የሆክን ዘዴ ያውቃል። ችግሩ ዘዴው አንዱን ስንጥቅ አሳይቶ ሌላውን መደበቁ ነው፤ በተለይ በቱቦው ቁመት የሄደውን።

ለምን እንደሚደብቅ ለመረዳት የመስኖ ቦይ ማሰብ ይበቃል። ቦዩ ውስጥ እንጨት በውኃው አቅጣጫ ቢጋደም ውኃው ጎን ለጎኑ ፈሶ ያልፋል፤ ያው እንጨት አግድም ቢጣል ግን ውኃው ይነሣና በላዩ ይፈሳል። ማግኔታዊ መስክም ብረት ውስጥ ሲያልፍ አግድም ስንጥቅ ከገጠመው በከፊል ከብረቱ ወለል በላይ ይወጣል። የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች የማግኔት ዋልታዎች ይሆናሉ፤ ብናኙን የሚስቡትም እነሱ ናቸው። ስንጥቁ ከመስኩ ጋር በአንድ አቅጣጫ ከተጋደመ ግን ይህ ነው የሚባል መስክ አይወጣም፤ ብናኙም የሚሰበሰብበት አያገኝም።

ዲ ፎረስት መስኩን አዞረው። ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ዙሪያውን ማግኔታዊ መስክ እንደሚፈጥር ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርስትድ በ1820 አሳይቶ ነበር። ዲ ፎረስት ቱቦውን ራሱን ሽቦ አደረገው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። መስኩ ቱቦውን ዙሪያውን ሲከበው፣ በቁመት የሄደው ስንጥቅ አግድም ሆነና ብናኝ ለበሰ።

በእኔ ግምት ከሆክ ዕድል ይልቅ ይህ ይበልጣል። ሆክ ስንጥቅ እንደሚታይ አወቀ፤ ዲ ፎረስት ደግሞ ብናኝ ያልያዘ ብረት ጤነኛ ነው ለማለት ቢያንስ በሁለት አቅጣጫ መፈተሽ እንዳለበት። አውሮፕላን ወይም ድልድይ ለሚፈትሽ ሰው ሁለተኛው ዕውቀት ነው እንቅልፍ የሚሰጠው። ዲ ፎረስት ከሥራ ባልደረባው ከፎስተር ዶን ጋር ሆኖ ብናኙንም አሻሻለ፤ በ1934 ማግናፍለክስ የተባለው ኩባንያ ተመሠረተ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ደማቅ ቀለም በመፍጠር የሚታወቁት የስዊትዘር ወንድማማቾች ሥራ ተጨመረበትና፣ ብናኙ ጨለማ ክፍል ውስጥ በአልትራቫዮሌት መብራት የሚያበራ ሆነ።

ዘዴው የማይደፍረው ብረት ግን አለ። አሉሚኒየም ማግኔት አይስበውም፤ የአብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን ገላ ደግሞ ለብዙ ዘመን የተሠራው ከሱ ነው። ሚያዝያ 1988 በሃዋይ ደሴቶች ከሂሎ ወደ ሆኖሉሉ ይበር የነበረ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 አየር ላይ የጣሪያው አንድ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፤ አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ። አብራሪዎቹ አውሮፕላኑን ማዊ ደሴት አሳረፉት። ከ89,000 በላይ በረራ በሠራው በዚያ አውሮፕላን፣ የገላውን ቆርቆሮዎች በሚያያይዙት ምስማሮች፣ በሪቬቶቹ፣ ዙሪያ ጥቃቅን ስንጥቆች በቅለው እርስ በርስ ተያይዘው ነበር።

ከዚያ በኋላ በእርጅና ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን መፈተሻ ፍለጋው ሲጧጧፍ፣ የ1845 ግኝት ጠቀመ። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ በዚያ ዓመት ማግኔታዊ መስክ መስታወት ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን የሚነዝርበትን አቅጣጫ እንደሚያዞር አይቶ ነበር። አዲሱ መሣሪያ አሉሚኒየሙ ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያነሣሣል፤ ኤሌክትሪኩ ሪቬት ወይም ስንጥቅ ሲገጥመው መንገድ ይቀይርና ማግኔታዊ መስኩ ይዛባል። በብናኙ ቦታ ጋርኔት የተባለ ማዕድን ስስ ሽፋን አለ፤ መስኩ በተዛባበት ቦታ በሽፋኑ የሚያልፈው ብርሃን የንዝረት አቅጣጫው ይዞራል፤ ካሜራ ያንን ወደ ምስል ይለውጠዋል። ፈታሹ መሣሪያውን በሪቬቶቹ መስመር ላይ እየገፋ ስክሪኑን ያያል። ጤነኛው ሪቬት ክብ ነው፤ ስንጥቅ ያለበት ከክቡ ጎን ቀንድ ያወጣል፤ ቀለሙን መፋቅም አያስፈልግም።