ስለ ቆዳና ስለ ፋቂው

አዳምና ሔዋን ከገነት ከመውጣታቸው አስቀድሞ እግዚአብሔር የቁርበት ልብስ እንዳለበሳቸው ኦሪት ይናገራል። ነቢዩ ኤልያስም መጥምቁ ዮሐንስም ወገባቸውን በጠፍር ታጥቀው ኖረዋል። እንግዲህ ቆዳ መልበስ በራሱ ነውር ነው የሚል ሰው ከመጻሕፍት ድጋፍ አያገኝም። ነገር ግን የተፈቀደ ነገር ሁሉ በማናቸውም መንገድ ቢገኝ ንጹሕ ነው ማለት አይዶለም። ዛሬ በውጭ አገር ብዙ ሰዎች ስለ እንስሳው ሲሉ ቆዳ መግዛትን ይነቅፋሉና፤ እኛም ነገሩን በአገራችን ሁኔታ ልንመረምረው ያስፈልጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቆዳው ብቻ የሚገደለውን ስለ ሥጋው ከሚታረደው መለየት ይገባል። በቀድሞ ዘመን የነብርና የአንበሳ ለምድ የጀግንነትና የሹመት ምልክት ነበር፤ የጉሬዛም ቆዳ ወደ ውጭ አገር ይሸጥ ነበር። እነዚህን አብዛኛው ሰው አይበላቸውም፤ ስለ ቆዳቸው ሲገደሉ የሚሞቱት ለሰው ጌጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 በሥራ ላይ የዋለው የዱር እንስሳት ንግድ ውል ነብርን ለንግድ እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ ኢትዮጵያም በ1989 ወደ ውሉ ገብታለች። ስለዚህ የነብር ቆዳ የሚገዛ ሰው የአባቶቹን ልማድ ምክንያት ሊያደርግ አይችልም።

የበግና የፍየል ነገር ግን ሌላ ነው። ሕዝባችን በጾም ወራት ከሥጋ ተከልክሎ ቆይቶ በበዓል ያርዳል፤ በጉንም የሚገዛው ለሥጋው እንጂ ለቆዳው አይዶለም። የቆዳው ዋጋ ራሱ አርቢውን ለእርድ ያበረታዋል የሚሉ አሉ፤ ይህ ክርክር ቆዳ ውድ በሆነበት አገር ሚዛን ይደፋ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን ባለፉት ዓመታት ዋጋው ከመውደቁ የተነሣ በበዓል ማግሥት የበግ ቆዳ በየመንገዱ ተጥሎ ታይቷል። የባቲ ፍየልና የደጋው በግ ቆዳ በጫማና በጓንት ሠሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ እኛ ግን በችኮላ ስንገፍ በቢላዋ እንበሳዋለን፤ ጨው ሳንነሰንስበትም እናገማዋለን። ነፍሱን ካጠፉ በኋላ ቆዳውን ለውሻ መጣል ለእንስሳው መራራት ነውን?

ከእንስሳውም ይልቅ የተረሳው ፋቂው ነው። የፍየል ቆዳ ብራና እንዲሆን በውሃ ይዘፈዘፋል፤ በእንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል። አንድ ትልቅ ወንጌል የብዙ ፍየሎችን ቆዳ ይፈጃል። ድጉሱ፤ ማኅደሩ፤ የከበሮው ልብስ፤ የቆሎ ተማሪው ደበሎ ሁሉ ቆዳ ነው። ብራና የሚፍቀውን ጸሐፊ ማንም አይንቀውም፤ ያንኑ ቆዳ አልፍቶ ስልቻና ኮርቻ የሚሠራውን ግን በብዙ አገር ከማዕድ እናርቀው፤ ርስት እንነፍገው፤ ከልጁም ጋራ ጋብቻ እንጸየፍ ነበር፤ ይህም ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም። ቆዳው አንድ፤ እጁም አንድ ሲሆን አንዱ ክቡር ሌላው ርኩስ የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳ ሊቅ አልተገኘም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ከዚያም አስቀድሞ ሐዋርያው ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነው፤ ማንንም ሰው ርኩስ እንዳይል የተማረበት ራእይ የታየውም በዚያው ቤት ሰገነት ላይ ነው። ካህናት ይህን ምዕራፍ በሚተረጕሙበት ጊዜ የባለቤቱን ሥራ ባይዘልሉት መልካም ነው።

የቀረው የውሃው ነገር ነው። የቀድሞው ፋቂ በዛፍ ቅርፊትና በቅጠል ሲያለፋ፤ ያሁኑ ፋብሪካ በአብዛኛው ክሮም በሚባል መድኀኒት ይሠራል። ሥራው ይፈጥናል፤ ዝቃጩ ግን ሳይጣራ ወደ ወንዝ ከተለቀቀ ለሰውም ለከብትም ጉዳት ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች በብዛት የተሠሩባት የሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይፈስሳል፤ በዳርቻውም የሚጠጡና አትክልት የሚያጠጡ ሰዎች አሉ። ጫማ የሚያደርገው ሰው ይህን ውሃ አያየውም። ስለዚህ ለወታደርና ለዘበኛ ጫማ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ከዋጋው ጋራ የፋብሪካው ዝቃጭ በምን እንደሚጣራ ጠይቆ፤ መልሱንም በውሉ ጽፎ ማስፈረም ይቻለዋል።