ተቃውሞ በማስረጃ ሲሆን

ሥልጣን ላይ ያለን መንግሥት መቃወም ማለት መሳደብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የተቃዋሚ ፓርቲና የጋዜጣ ዋና ሥራ ግን መጠየቅ ነው፤ ገንዘቡ የት ገባ? ማን ፈቀደ? በየትኛው ሕግ? ባለሥልጣን ስድብን ሊንቅ ይችላል፤ ቀን፣ መጠንና ፊርማ የያዘ ጥያቄን መናቅ ግን ይከብደዋል። ለዚህም ከኬንያ አንድ ምሳሌ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ጎልደንበርግ ኢንተርናሽናል የተባለ ኩባንያ ወርቅና አልማዝ ወደ ውጭ አገር እልካለሁ እያለ ከመንግሥት ካዝና ከፍተኛ የማበረታቻ ክፍያ ይቀበል ነበር። ኬንያ ግን አልማዝ አታወጣም፤ የምታወጣው ወርቅም ጥቂት ነበር። ዴቪድ ሙንያኬይ የተባለ የማዕከላዊ ባንክ ሠራተኛ ሰነዶቹን ለተቃዋሚ እንደራሴዎች ሰጠ። በ1992 መጨረሻ በተደረገው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ ምክር ቤት የገቡት ተቃዋሚዎች በ1993 ጉዳዩን በምክር ቤቱ አነሡ፤ ጋዜጦችም ለሕዝብ አሳወቁ። ሙንያኬይ ከሥራው ተባረረ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በ2003 መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ምስክሮች በአደባባይ ተሰሙ።

ከዚህ ተነሥተን ሦስት ነገሮችን እንላለን።

1ኛ፣ ክስ ከሰነድ ይነሣ፤ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ።

2ኛ፣ ፓርቲው በምክር ቤት ይጠይቅ፤ ጋዜጣው ደግሞ ራሱ አጣርቶ የባለሥልጣኑንም መልስ ያትም። የፓርቲው ከበሮ ከሆነ አንባቢ አያምነውም።

3ኛ፣ ለሕዝብ ጥቅም ሰነድ ያወጣ ሰው በሕግ ይጠበቅ። አለዚያ ሁለተኛ ሙንያኬይ አይገኝም።

መምህራን ተማሪዎቻቸው «መንግሥት ሌባ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር መልስ ወደሚሹ ሦስት ጥያቄዎች እንዲለውጡ ቢያደርጉ፣ ተማሪዎቹ ልዩነቱን ራሳቸው ያገኙታል።