የሶፍትዌር ሠሪው ተራ የት ነው?

ከፒያሳ ወደ መርካቶ ሲወርዱ ይገኝ የነበረውን አትክልት ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ስፍራው ቢለወጥም አሠራሩ ያው ነው። ከመቂና ከዝዋይ የተጫነው ቲማቲምና ሽንኩርት ሌሊቱን ይገባል፤ ጎሕ ሲቀድ ገዢ ያገኛል። የሚያገናኘውም ደላላው ነው። ደላላ መልካም ስም የለውም፤ ገበሬውም ሸማቹም ያማርሩታል፤ ምሬታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ልንክደው አይገባም፤ ማን ምን እንዳለው፥ ማንስ ምን እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ያውቃል። ቲማቲም ካደረ ይበላሻልና!

እንዲህ ያለ አገናኝ ያጡት የእኛ ወጣት ሶፍትዌር ሠሪዎች ናቸው። በየዓመቱ የኮምፒዩተር ትምህርት የፈጸሙ ተማሪዎች ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ይወጣሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ አምስት ሚሊዮን ዜጎችን በኢንተርኔት መሠረታዊ ኮዲንግ ለማስተማር መርሐ ግብር ጀምሯል። ማስተማሩ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የተማረው ሰው ዕውቀቱን ከማን ጋር፥ በምን ሥራ ላይ ያውለው? የመመረቂያ ሥራዎችን ያየ ሰው የሚታዘበው ነገር አለ፤ አንዱ አምና የሠራውን የቤተ መጻሕፍት መዝገብ ሌላው ዘንድሮ ከሀ ጀምሮ እንደገና ይሠራዋል። ነጥብ ከተሰጠው በኋላም መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ቲማቲም ቢሆን ኖሮ ሽታው ባስታወቀን ነበር።

ለየብቻ መሥራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የፊደላችን ታሪክ ይመሰክራል። በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ፊደላችንን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት ለብዙ ዓመታት ደክመዋል። ዳሩ ግን እያንዳንዱ የየራሱን መንገድ ስለ ተከተለ፥ ለአንዱ «ሀ» የሆነው ቁጥር ለሌላው ሌላ ምልክት ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው ጭረት ይሆን ነበር። በአሮጌ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ከፍታችሁ የተቸገራችሁ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነገሩን ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለፊደላችን አንድ የጋራ ሠንጠረዥ በሰጠ ጊዜ ነው። ዛሬ በስልካችን በአማርኛ የምንጻጻፈው በዚሁ ስምምነት ነው።

ባለሙያን ከሥራ ጋር ለማገናኘት የተነሡም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና ስሙን በቀጥታ «ገበያ» ያለው ኩባንያ መጀመሪያ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ ኋላም የአፍሪካን ባለሙያዎች ከአሠሪዎች ጋር ወደ ማገናኘት ዞረ። ስም አወጣጡስ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን አሠሪ የሚመርጠው ሠርቶ ያሳየውን ነው፤ ለጀማሪው የመጀመሪያውን ሥራ ማን ይስጠው?

በሌላው ዓለም ለዚህ የተገኘው መልስ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑክስን ጀምሮ ማንም እንዲያየውና እንዲያርመው ለቀቀው፤ ዛሬ የአንድሮይድ ስልክ ሁሉ የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው። አካሄዱ ቀላል ነው። ባለቤቱ ሥራውንና የጎደለውን ነገር ዝርዝር በይፋ ያስቀምጣል። የሚችል ሰው አንዲቱን ጉድለት አርሞ ይልካል፤ ባለቤቱም መርምሮ ይቀበላል፥ ወይም ስሕተቱን ጠቁሞ ይመልሳል። ዲፕሎማ የሚጠይቅ የለም፤ በአትክልት ተራም የሚታየው ሽንኩርቱ እንጂ የገበሬው ወረቀት አይደለም። እርግጥ ነው፥ የእኛ ሰው ሥራው በአደባባይ ሲታረምበት ደስ አይለውም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ግን አላውቅም።

ለምሳሌ የአትክልት ዋጋን እንውሰድ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የቡናና የሰሊጥ ዋጋ በይፋ ይነገራል። ሽንኩርትና ቲማቲም ግን በዚያ አይሸጡም፤ ስለዚህ የመቂው ገበሬ ዋጋውን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከደላላው አፍ ነው። የዕለቱን ዋጋ በአጭር የስልክ መልእክት የሚያደርስ ሶፍትዌር ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለአራት ግን አይከብድም። አንዱ መልእክት መላኪያውን ይሥራ፤ ሁለተኛዋ የዋጋውን መዝገብ፤ ሦስተኛው አማርኛውንና ኦሮምኛውን ይያዝ። አራተኛው ሌሊት ገበያው ድረስ ሄዶ ዋጋ ይጠይቅ። ይህ አራተኛው አንዲት መስመር ኮድ ላይጽፍ ይችላል፤ ያለ እርሱ ግን የሦስቱ ድካም ከንቱ ነው።

በየወረዳውና በየቢሮው ያላችሁ ወጣት ሹማምንት እንዲህ ያለውን ጉድለት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ በቅርባችሁ ላለው ዩኒቨርሲቲ ብትልኩ፥ መምህራኑም የመመረቂያ ርእስ አድርገው ቢያድሉት፥ የዘንድሮው ተማሪ የደረሰበትን ለከርሞው ክፍት አድርጎ ቢተውለት፥ ወጪው የወረቀትና የጥቂት ሰዓት ነው። ከገጾቹ በመጀመሪያው ላይ የሽንኩርት ዋጋ ቢጻፍ ደስ ይለኛል።