ቆጣሪው ሲቀየር ወጪውና ሥጋቱ የማን ነው?

ባሕር ዳር ከመብራት ጋር የቆየ ዝምድና አላት። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1950ዎቹ ሥራ የጀመረው ከተማዋ ገና ስትቆረቆርና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ሲተከል በነበረበት ዘመን ነው። በ1993 ዓ.ም 73 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው ጣቢያ ሲጨመር ፏፏቴው ውኃውን ለተርባይን ሰጠ። በግንቦት 2002 ዓ.ም የተመረቀው የ460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስም የሚሠራው ከጣና ሐይቅ በዋሻ በሚወስደው ውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ቢሆን ከጣና የሚነሳው ዓባይ የሚሞላው ነው። ስለዚህ በሐይቁ ዳር የሚኖር ሰው «መብራቱ ከእኛው ውኃ እየወጣ ለምን ይጠፋብናል? ለምንስ ይወደድብናል?» ብሎ መጠየቁ አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ጥያቄው በግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው የቆጣሪ ሣጥን ወርዷል።

በቤታችን ሦስት ዓይነት ቆጣሪ አይተናል፤ ወይም ልናይ ነው። አንደኛው ዲስኩ የሚሽከረከረው አሮጌው ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ አንባቢ በየወሩ እየመጣ ቁጥሩን ይጽፋል፤ ቢሉም በዚያው መሠረት ይመጣል። ሁለተኛው ባለ ካርዱ ወይም የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ነው፤ ካርዱን አስሞልተን እንከተዋለን፤ ሒሳቡ ሲያልቅ መብራቱ ይጠፋል። ሦስተኛው ስማርት ቆጣሪ የሚባለው ነው። ፍጆታውን በየሰዓቱ ይመዘግባል፤ የመዘገበውንም በመብራት ገመዱ ወይም በስልክ ኔትወርክ ወደ ማዕከል ይልካል። ከማዕከል ትእዛዝም ይቀበላል፦ ታሪፍ ይቀየርለታል፤ ከሩቅ ሆኖም መብራቱን ማቋረጥና መልሶ መቀጠል ይቻላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በዚህ ቴክኖሎጂ የጀመረው ከፋብሪካዎችና ከሌሎች ከፍተኛ ኃይል ተጠቃሚዎች ነው። ተራው የመኖሪያ ቤት ሲሆን የሚነሳው ጥያቄ ግን ከፋብሪካው የተለየ ነው፤ ፋብሪካ የሒሳብ ሠራተኛና ጠበቃ አለው።

ተቋሙ ለምን እንደሚፈልገው መረዳት አይከብድም። ቤት ለቤት እየዞሩ ማንበብ ወጪ አለው፤ ሕገ ወጥ ቅጥያና ስርቆት ገቢ ይበላል፤ ያልተሰበሰበ ዕዳም ይከማቻል። ደንበኛውም የሚያተርፈው አለ። አንባቢው ሳይመጣ ወራት አልፎ «በግምት» የሚሠራ ቢል፣ ከዚያ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ወር ሲወርድ የሚደርሰው ድንጋጤ ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው በደል ነው። በትክክል የተተከለ ስማርት ቆጣሪ ይህን ያስቀራል። እኔም በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ቢመጣ እደግፋለሁ።

ችግሩ አዲስ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከአዲስ ዋጋ ጋር መገጣጠሙ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም ተሻሽሎ በአራት ዓመት ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ በ27 ሳንቲም ገደማ ሲቆይ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀመው ግን በመጨረሻ 2 ብር ከ48 ሳንቲም ደረሰ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ የሚጨምር የአራት ዓመት ማሻሻያ ሥራ ላይ ውሏል። በዚህ መሐል ቆጣሪው የተቀየረለት ሰው መቶ ብር ሞልቶ ያገኘው ኃይል ካለፈው ወቅት ሲያንስ «ይህ ቆጣሪ ይሮጣል» ይላል። ሊሮጥ ይችላል፤ ላይሮጥም ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው ወረቀት ግን በእጁ የለም።

ይህ በሌላ አገርም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያዋ ቤከርስፊልድ ነዋሪዎች አዲሱ ቆጣሪ ቢላችንን አናረው ብለው ተነሱ። በቀጣዩ ዓመት ገለልተኛ ምርመራ ሲደረግ ቆጣሪዎቹ በአብዛኛው ትክክል ሆነው ተገኙ፤ ጥፋቱ የዋጋ ጭማሪው፣ የዚያ በጋ ሙቀትና የኩባንያው ደካማ የደንበኛ አያያዝ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራ የፈተኗቸው አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ቆጣሪዎች በአንዳንድ የአምፖል ዓይነቶችና ማደብዘዣዎች ተረብሸው ከእውነተኛው ፍጆታ በብዙ እጥፍ የበለጠ ቆጥረዋል። ስለዚህ ደንበኛውን «ማሽን አይሳሳትም» ብሎ መመለስ መልስ አይደለም።

የእኛን ቤት ፍጆታ ስናሰላ መጀመሪያ የሚመጣው ምጣዱ ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጋግር ቤት በወር ስምንት ጊዜ ቢጋግር 56 ይሆናል። አምፖል ሳይበራ፣ ማቀዝቀዣ ሳይሰካ፣ ለዝቅተኛ ተጠቃሚ የተተወው 50 ኪሎዋት ሰዓት በእንጀራ ብቻ አለቀ ማለት ነው። እንጨትና ከሰል ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ የገባ፣ በጣና ዙሪያ ያለውን ደን ከመጥረቢያ የታደገ ቤተሰብ እዚህ ላይ መቀጣት አልነበረበትም።

ከዚህ የባሰው የግቢው ቆጣሪ ነው። በባሕር ዳር አንድ ግቢ ውስጥ ባለቤቱና ሦስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ቤት 60 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀም ግቢው 240 ሆነ። በ2011ዱ ማሻሻያ በአራተኛው ዓመት ከ51 እስከ 100 ላለው ደረጃ የተተመነው 77 ሳንቲም ገደማ ሲሆን ከ201 እስከ 300 ላለው 2 ብር ነበር። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም ከወጣው አዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሕግ ወዲህ በወር ከ200 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ሲሆን ታክስ ይመጣል። አራት ደኃ ቤተሰቦች በአንድ ሣጥን ሲደመሩ እንደ አንድ ሀብታም ይቆጠራሉ። ስማርት ቆጣሪ ይህን ትክክል አያደርገውም፤ ስሕተቱን ይበልጥ በትክክል ይቆጥረዋል እንጂ። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቤት የየራሱ ቆጣሪ መስጠት ነው፤ ለዚህም አንድ ተከራይ በወራት ልመና ሳይሆን በማመልከቻ ብቻ የሚያገኘው ቆጣሪ ያስፈልጋል። የተከራይና የአከራይ ጠብ ስንቱ በመብራት ሒሳብ እንደሚነሳ የቀበሌ ሽማግሌዎች ያውቁታል።

ሌላው ሥጋት ኔትወርኩ ነው። የካርድ ቆጣሪ ሲስተም ሲቋረጥ በዓል ዋዜማ ላይ ካርዱን ይዞ መሰለፍ ምን እንደሆነ ተጠቃሚው ያውቃል፤ ገንዘቡ ኪሱ ውስጥ እያለ በጨለማ ያድራል። ክፍያው በቴሌብርና በባንክ መምጣቱ ብዙ አቃልሏል። ነገር ግን በሐምሌ 2015 ዓ.ም ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋር በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደነበር አንርሳ። በኔትወርክ ላይ የቆመ ቆጣሪ ለባሕር ዳር ሲታሰብ «ኔትወርኩ ሲጠፋ መብራቴስ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የቴክኒክ መግለጫ መቅደም አለበት። ኔትወርኩ ባይኖርም መብራቱን የማያቋርጥ፣ ንባቡን ይዞ የሚቆይ ቆጣሪ መግዛት ይቻላል፤ በጨረታው ሰነድ ላይ ከተጻፈ ማለት ነው።

የክረምቱ መብረቅም አለ። በጣና ተፋሰስ ነጎድጓዱ ከባድ ነው፤ የኃይል መዋዠቁም የታወቀ ነው። አሮጌው ባለ ዲስክ ቆጣሪ ብዙ አሥር ዓመታት ይሠራል፤ በውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ያለው አዲሱ ግን ዕድሜው ያጠረ፣ ለድንገተኛ ኃይልም የተጋለጠ ነው። ሲቃጠል የሚተካው በማን ወጪ ነው? ብሪታንያ ይህን ትምህርት በውድ ገዝታለች። የስማርት ቆጣሪ መርሐ ግብሯ ከ13 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚፈጅ መንግሥቷ ገምቷል፤ ገንዘቡ በመጨረሻ የሚመጣው ከደንበኞች ቢል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ቆጣሪዎች ብዙዎቹ ደንበኛው አቅራቢ ሲቀይር የርቀት ንባባቸው ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ዕዳ ያለባቸውን ደካማ ቤተሰቦች በግድ ወደ ቅድመ ክፍያ ማዛወር ከባድ ቁጣ አስነስቶ ተቆጣጣሪው ለጊዜው አስቁሞት ነበር። ኔዘርላንድ ውስጥ የላይኛው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ስማርት ቆጣሪን ግዴታ የሚያደርገውን ሕግ የጣለው በግል ሕይወት ምክንያት ነው፤ በየሰዓቱ የሚመዘገብ ፍጆታ ቤት ውስጥ ሰው መኖሩንና መቼ እንደተኛ ይናገራልና። እኛም በ2016 ዓ.ም የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። የቆጣሪ መረጃ በዚህ ሥር እንዴት እንደሚያዝ ከመተከሉ በፊት በግልጽ መነገር አለበት።

አንድ ብዙ የማይነሳ ነገር ልጨምር። ይህ ሣጥን እኛ የበላነውን ብቻ አይደለም የሚመዘግበው፤ መብራት የጠፋበትን ሰዓትና የወረደውን ቮልቴጅም መመዝገብ ይችላል። ተቋሙ ከእኛ ንባብ ሲወስድ እኛም ከእሱ ይህን መውሰድ አለብን። ያን ጊዜ «ሰፈራችን ስንት ሰዓት ጨለመ?» የሚለው በሐሜት ሳይሆን በቁጥር ይነገራል።

ታሪፍ የሚመረምረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ለባለሥልጣኑና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት የምለው ይህ ነው፦ በባሕር ዳር አንድ የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ከመቀየሩ በፊት አራት ነገሮች በአማርኛ ተጽፈው ለደንበኛው ይሰጡ፦ የቆጣሪውና የመተኪያው ወጪ የማን እንደሆነ፣ የተጠረጠረ ቆጣሪ በምን ያህል ቀን በገለልተኛ እንደሚፈተሽ፣ ከሩቅ ከመቋረጡ በፊት ምን ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ፣ የግቢ ተከራዮች የራሳቸውን ቆጣሪ እንዴት እንደሚያገኙ። እርስዎም ቆጣሪዎን ሊያነሱ ሲመጡ የአሮጌውን የመጨረሻ ንባብ ከሠራተኛው ጋር ሆነው ይጻፉ፤ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ የአዲሱን የመጀመሪያ ንባብም እንዲሁ። ክርክር ቢነሳ በእጅዎ የሚኖረው ማስረጃ እሱ ነው።